ሰሚ የፈራው ዝምታ

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ከቀትር በኋላ፣ በአሸቦ ከተማ በቀጠና ሦስት የማኅበረሰብ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የተገኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የቀጠናው ፖሊስ ሳጅን ዘርፌ፣ የሰላም ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ቢራራ፣ እና መሣሪያ ለመመርመር ከሩቅ የመጡት ኢንጂነር ሚልኪያስ። በሩ አጠገብ ደግሞ ሁለት የብረት ዘቦች ነበሩ። ገና ከሳጥናቸው ስላልወጡ ግን እንደ ተገኙ አልተቆጠሩም።

ውጭ ጥላው ተወጥሯል። አሸቦ የተሠራችው ከባሕር ወለል በታች በሚገኝ የጨው ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ከተማዋን ሙሉ የሚሸፍን ነጭ ሸራ በምሰሶዎች ላይ ይወጠራል፣ አመሻሽ ላይ ይጠቀለላል። በአሸቦ የተወለደ ሰው ፀሐይን በቀጥታ የሚያያት ልትጠልቅ ስትል ብቻ ነው። ይህም ማንንም አይገርምም።

ሳጅን ዘርፌ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰፈሩን ካርታ በእጅጌዋ ወለወለች። በካርታው ላይ እያንዳንዱ ቤት አንድ ትንሽ መብራት አለው። ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

«ሳጅን፣ አልደብቅዎትም» አሉ ኢንጂነር ሚልኪያስ። «ዛሬ ጥላው እስኪጠቀለል ድረስ ሰሚያችሁ አንድ ሁከት በትክክል ካሳየኝ ዘቦቹን ይዤ እመለሳለሁ። ካላሳየኝ ግን ነገ ጠዋት ከሳጥን ይወጣሉ፤ የማኅበረሰብ ፖሊስም ይዘጋል። የእርስዎ ፊሽካ በክብር ይሰቀላል።»

«ፊሽካውስ ይሰቀል» አሉ ጋሽ ቢራራ። «እኛ የት እንሰቀላለን?»

ዘርፌ አልሳቀችም። በሌሎቹ ቀጠናዎች ሥርዓት የሚያስከብሩት የብረት ዘቦች ናቸው። ደጃፍ ላይ ተሰብስቦ የሚያወራውን ይበትናሉ፣ ጮክ ብሎ የሳቀውን ያስጠነቅቃሉ። ቀጠና ሦስት ብቻ «የራሳችንን ሰፈር ራሳችን እንጠብቃለን» ብሎ እስከ ዛሬ ያለ ዘብ ኖሯል። ዘርፌም ወደ ሌላ ቀጠና በሄደች ቁጥር ደረቷን ነፍታ የምትሄደው በዚህ ነው። አንዲት ሴት፣ አንድ ፊሽካ፣ እና ሰሚ።

ሰሚ የሚሉት የልብስ ቁልፍ የሚያህል፣ በየቤቱ መቃን ላይ የሚለጠፍ ጆሮ ነው። የሰው ቃል አይለይም። ሕዝቡ ወሬያችንን አይስማብን ብሎ ስለተከራከረ ያ ክፍሉ ተነቅሎለታል። የሚያውቀው ድምፅን ብቻ ነው፤ የሚሰበረውን፣ የሚወድቀውን፣ የሚሮጠውን። ጥላው ሲጠቀለል ሰሚ እያንዳንዱን ቤት «ሰፈሩ እንዴት ዋለ?» ብሎ ይጠይቃል። ደህና ዋለ የሚል ነጩን ይጫናል፣ ደህና አልዋለም የሚል ጥቁሩን። ሰሚ ቀን የሰማውን ድምፅ ከማታው መልስ ጋር እያገናኘ ሰላም ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ይማራል። ችግር ሲሰማ ራሱ ይቀላል፣ በካርታው ላይም ያንን ቤት ቀይ ያበራል።

በዚህ መሃል ከመንገዱ ጫፍ ጉርምርምታ ተነሣ።

ጉርምርምታው ወደ ጩኸት ተለወጠ። ተንሳፋፊ የሚባሉት ጎማ የሌላቸው፣ በአየር ላይ የሚሄዱ ሞተሮች ናቸው። ወጣቶቹ ድምፅ ማፈኛቸውን አውልቀው ሲነዷቸው ጩኸቱ ከጥላው ጋር ተጋጭቶ ይመለስና ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ከፊት የሚነዳው ቃልአብ ነበር። በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሥር ተጠማዞ ሲያልፍ መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ ቀጥሎም ወለሉ ላይ ረገፈ። ከማዶ የወይዘሮ ትርንጎ የቲማቲም መደብ ተገለበጠ።

ሦስቱም ወደ ካርታው ዞሩ። ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

ጋሽ ቢራራ ከትከሻቸው ላይ የመስታወት ስባሪ እያራገፉ፣ «ነፋስ ነው» አሉ።

«ነፋስ?»

«እዚህ አገር ነፋስ ኃይለኛ ነው፣ ኢንጂነር።»

ኢንጂነሩ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ በካርታው ላይ አንድ መብራት ቀላ። በጠባቡ መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው የአቶ ጌጡ ቤት ነው።

«ደግሞ ያ ቤት!» አለች ዘርፌ። «በየቀኑ ይቀላል። ሄጄ በር ላይ ቆሜ አዳምጬ ነው የምመለሰው። ኮሽታ እንኳ የለም።»

«ተይው አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ቢራራ። «ሰውየው አኩራፊ ነው። ሰሚም ሰልችቶት ይሆናል።»

ኢንጂነር ሚልኪያስ ግን ከቦርሳቸው መፍቻ አውጥተው የካርታውን ጀርባ ከፈቱት። ከውስጡ ቀጭን ሽቦ ስበው ከእጅ ሰሌዳቸው ጋር አገናኙና ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከዚያ ሳይታሰብ ፈገግ አሉ።

«አልተበላሸም» አሉ። «ያስተማራችሁትን ነው የሚመልስላችሁ። እነዚህ ልጆች በጮኹባቸው ቀናት ሁሉ ቀጠናው ምን ብሎ እንደመለሰ ያውቃሉ? ደህና ዋለ። መስታወት ተሰብሮ፤ ደህና ዋለ። መደብ ተገልብጦ፤ ደህና ዋለ። ሰሚ ምን ያድርግ? የመስታወት መሰበር የሰላም ድምፅ ነው ብሎ ተማረ። የእርስዎም ቤት ነጭ ነው፣ ሳጅን።»

ዘርፌ ፊቷ ጋለ። «አመሻሽ ላይ ሲጠይቀኝ… ሰው እንዴት ዋልሽ ሲል ደህና ነው የሚባለው። እጄ ለምዶት ነው።»

«ጋሽ ቢራራስ?»

«እኔማ ነጩን ሁለቴ ነው የምጫነው» አሉ ሽማግሌው። «እንዳይጠራጠር ብዬ።»

ኢንጂነሩ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ሕዝቡ በሙሉ ጥቁሩን የተጫነባት አንዲት ሳምንት ብቻ አለች። ባለፈው ጥቅምት። በዚያች ሳምንት ሞተር የለም፣ ሩጫ የለም፣ በር እንኳ አይንኳኳም። ሰፈሩ ጭር ብሏል። ሰሚ ከዚያ በኋላ ጭር ያለ ቤት ባገኘ ቁጥር ቀይ ያበራል። ምን ሆናችሁ ነበር?»

ዘርፌ ኮፍያዋን አውልቃ፣ «ሲስተር ደብሪቱ ሞታ ነው» አለች።

ሲስተር ደብሪቱ አዋላጅ ነበረች። የቀጠናውን ግማሽ ልጅ በእጇ ተቀብላለች። በሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ከረመ። ቃልአብ የእሷ ብቸኛ ልጅ ነው። ሞተሩን ማስጮህ የጀመረው ከሐዘኑ በኋላ ነበር። ሰው ሁሉ «የደብሪቱን ልጅ እንዴት ብለን እንከሳለን?» ብሎ በይሉኝታ ዝም አለ። አቤት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አቶ ጌጡ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ አኮረፋቸው፣ ሰላምታም ነፈጋቸው።

«እንግዲህ ፈተናውን ወድቃችኋል» አሉ ኢንጂነር ሚልኪያስ። ድምፃቸው የሚፈርድ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «ዘቦቹን መክፈት ይኖርብኛል።»

ዘርፌ ኮፍያዋን አነሣች። «ጥላው እስኪጠቀለል ብለዋል። እስከዚያ ሰፈሩ የእኔ ነው። ቀይ የበራበት ቤት ሄዶ ማንኳኳት ደግሞ ሥራዬ ነው። እስከ ዛሬ አዳምጬ ተመልሻለሁ እንጂ አንኳኩቼ አላውቅም።»

ሦስቱም ወደ ጠባቡ መንገድ ሄዱ። የአቶ ጌጡ ቤት በር ዝግ ነበር። ዘርፌ ከማንኳኳቷ በፊት ዐይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። አዲስ የተመታ የብረት ማንጠልጠያ አለ። ዞር ስትል ከመንገዱ ማዶ፣ በትክክል ፊት ለፊት፣ ሌላ ማንጠልጠያ አየች።

«ልብስ ማስጫ ይሆናል» አሉ ጋሽ ቢራራ።

ዘርፌ ሄዳ ከማንጠልጠያው ሥር ቆመች። በተንሳፋፊ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ የት ጋ እንደሚደርስ በእጇ ለካች። እጇ ማንጠልጠያውን ነካ።

አንኳኳች። «ጋሽ ጌጡ፣ ዘርፌ ነኝ። ይክፈቱልኝ።»

በሩ ተከፈተ። አቶ ጌጡ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ቆመዋል። በእንፋሎት ኃይል ጣቢያው የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ፣ ቀን የሚተኙ ሰው ናቸው። ዐይናቸው ግን እንቅልፍ ካጣ ብዙ ጊዜ የሆነው ሰው ዐይን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቀጭን የጥላ ገመድ ተጠምጥሟል። ጥላው የሚወጠርበት ይህ ገመድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ በማይበጠስ ብረት የተፈተለ።

«ይግቡ» አሉ። «ከስንት ጊዜ በኋላ የሰው እግር ገባ።»

ዘርፌ ገመዱን እያየች ተቀመጠች። «መቼ ሊወጥሩት ነበር?»

አቶ ጌጡ አልካዱም። «ዛሬ። ጥላው ከመጠቅለሉ በፊት የደብሪቱ ልጅና ጓደኞቹ በዚህ ይመለሳሉ።»

«ልጅ እኮ ነው፣ ጋሽ ጌጡ።»

«ልጅ መሆኑን አውቃለሁ! እናቱ ናት ልጆቼን ሁሉ ያዋለደችልኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሚስቴ ጩኸቱን አልቻለችም፣ ልጃችን ዘንድ ሄደች። እኔ በየማታው ሰሚ ሲጠይቀኝ ጥቁሩን እጫናለሁ። እውነቱን ነው የምናገረው። ሌላው ሁሉ ደህና ዋለ ይላል። ትርንጎ ቲማቲሟን ከመሬት እየለቀመች ደህና ዋለ ትላለች! ታዲያ ያበድኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው? ለቅሶ ቤት ስሄድ ከአጠገቤ ይነሣሉ። የምናገረውን የሚሰማ ሰው ሲጠፋ… ዝም አልኩ። ዝም ስል ይኼ መጣልኝ።»

በር ላይ የቆሙት ኢንጂነር ሚልኪያስ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ሳጅን፣ ይህ የግድያ ሙከራ ነው። ዘቦቹ አሁኑኑ ይዘውት ይሄዳሉ» አሉ።

«አዎ፣ እከሳቸዋለሁ» አለች ዘርፌ። «ነገር ግን እሳቸውን ብቻቸውን አይደለም። ጋሽ ቢራራ፣ አያትዎ ስለ አውጫጭኝ ያጫወቱዎትን ያስታውሳሉ?»

የሽማግሌው ፊት በራ። አውጫጭኝ የጥንት ሥርዓት ነው። አጥፊው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ ያገሬው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ እውነቱም እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም።

«አጥፊው ይታወቃል እኮ» አሉ።

«አይታወቅም» አለች ዘርፌ። «ሁላችንም ነን።»

ወደ መንገዱ ወጥታ ፊሽካዋን እስትንፋሷ እስኪያልቅ ነፋችው። የቀጠናው ሰው በዚህ ፊሽካ ከቤቱ መውጣት ልማዱ ነው። ሌላ ቀጠና ቢሆን በር ይቆለፍ ነበር። ዘርፌ በየደጃፉ እየሮጠች፣ «ጆሮውን ከመቃናችሁ ነቅላችሁ ይዛችሁ ኑ!» አለች። ሰውም የየቤቱን ሰሚ በእጁ ጨብጦ በዋናው ምሰሶ ሥር ተሰበሰበ። ቃልአብና ጓደኞቹም መጡ። ሞተራቸውን አጥፍተው ከኋላ ቆሙ።

ጋሽ ቢራራ ድንጋይ ላይ ወጡ። «ዛሬ ሰሚ የሚጠይቀንን ጥያቄ እርስ በርሳችን ፊት ለፊት እንመልሳለን። እውነቱ እስኪወጣ የሚሄድ የለም። ምጣዱ እሳት ላይ ያለ ሰው ካለ እንዲያር ይተወው። ሰፈሩ እንዴት ዋለ?»

ማንም አልተናገረም። አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ መሬት አየ። ዝምታው እየከበደ ሄደ። ያን ጊዜ በሰዎቹ መዳፍ ላይ ያሉት ጆሮዎች መቅላት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻ ሁሉም። ሕዝቡ በእጁ የያዘውን ቀይ ብርሃን እያየ ደነገጠ።

«እኔ እናገራለሁ!» አለች ወይዘሮ ትርንጎ። «ደህና አልዋለም! መደቤን በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ ገለበጣችሁት? በየማታው ግን ነጩን እጫናለሁ። ለምን? የደብሪቱ ልጅ ነዋ!»

«የእኔም ሕፃን እየባነነ አልተኛ አለ» አለ አንድ አባት።

«ታዲያ ምነው ስትጠየቅ ደህና አልክ?»

«አንተስ ምን አልክ?»

ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ጩኸቱ ሲደምቅ ጆሮዎቹ አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ተመለሱ። ኢንጂነር ሚልኪያስ የእጅ ሰሌዳቸውን እያዩ ቆመው ቀሩ።

ከዚያ አቶ ጌጡ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። ገመዱን ከኪሳቸው አውጥተው ቃልአብ እግር ሥር አስቀመጡት። «ይህን ዛሬ በመንገዱ ላይ፣ በአንገትህ ልክ ልወጥርልህ ነበር» አሉ። «ሳጅን አንኳኳችብኝ።»

በየመዳፉ ያሉት ጆሮዎች ሁሉ እንደገና ቀሉ። ቃልአብ ሳያውቀው አንገቱን ዳበሰ። ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ ወጣት ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ልብሱ ሰፍቶት ታየ።

«እኔ…» አለ። «እኔ እኮ አንድ ሰው እስኪቆጣኝ ነበር የምጠብቀው። መስታወት ስሰብር እግዜር ያጽናህ ይሉኛል። መደብ ስገለብጥ አይዞህ ይሉኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የደብሪቱ ልጅ ነው የምባለው። ሞተሩን ሳስጮኸው… ቢያንስ መኖሬ ይሰማል። ጋሽ ጌጡ ብቻ ናቸው የተቆጡኝ። እሳቸውን ደግሞ እናንተ አኮረፋችሁ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ሰተት ብላ ሄዳ ጆሮውን ያዘች። «ቃልአብ! ቃልአብ! ይኸው ጠራሁህ። እናትህ ብትኖር እንዲህ ጠምዝዛ ነበር የምታዞርህ። ነገ ጠዋት መጥተህ መደቤን ካልሠራህ ሌላኛውንም ጆሮህን አልተውልህም!»

«እሺ፣ እትዬ! እሺ፣ ያማል!» አለ ቃልአብ። ሰው ሳቀ። እሱም እየሳቀ አለቀሰ። አቶ ጌጡ ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዲት ጎረቤት ግን ክንዳቸውን ይዛ አልለቀቀቻቸውም።

ጥላው መጠቅለል ጀመረ። ቀይ የምሽት ፀሐይ በሕዝቡ ላይ ፈሰሰች። ኢንጂነር ሚልኪያስ ወደ ዘርፌ ቀረቡ።

«የተባለው አንድ ሁከት በትክክል ያሳይ ነው» አሉ። «ያልደረሰውን ግድያ አሳይቷል። በሪፖርቱ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን እጽፈዋለሁ። እናንተም አንኳኩታችኋል። ዘቦቹ እዚያ በር ላይ ቢቆሙ ኖሮ ወንጀል የለም ብለው ያልፉ ነበር፤ ዝምታን አልተማሩትማ። ሰፈሩ የእናንተ ነው። አሁን ሰሚን ላስተካክለው? በአንድ ጊዜ የተማረውን ሁሉ አጠፋለታለሁ።»

ዘርፌ ወደ ሕዝቡ ዞረች። የሚጨቃጨቀውን፣ የሚሳሳቀውን፣ እርስ በርሱ የሚወቃቀሰውን ሰፈሯን አየች። ሌሎቹ ቀጠናዎች ጸጥ ያሉ ናቸው። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ሰላም ማለት ጸጥታ ይመስላት ነበር፤ ፖሊስ ሲያሠለጥኗትም ያስተማሯት ይህንኑ ነው። ሰሚ ግን የሰው ቃል አይሰማም፣ ይሉኝታም አያውቅም። ዋሽተው ያስተማሩትን ሁሉ አምኖ ተቀበለ። ካመነውም ውስጥ አንድ ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የሰው ልጅ በጣም የሚያስፈራው ድምፁ የጠፋ ዕለት ነው። ይህን ለማወቅ ሰው መሆን አላስፈለገውም። ሰው የሚያስፈልገው በሩን ለማንኳኳት ነው።

«የመስታወቱን ያስተካክሉት» አለች። «መሰበር መሰበር ይባል። ዝምታውን ግን አይንኩብን።»

ኢንጂነሩ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። «ለሌሎቹም ቀጠናዎች ብወስደው?»

«ከቀጠና ሦስት የመጣ ነው ብለው ይንገሯቸው» አለች ዘርፌ፣ ደረቷን ነፍታ።

በማግስቱ ጠዋት ቃልአብና ጓደኞቹ ንብረት በማውደም፣ አቶ ጌጡ ደግሞ በግድያ ዝግጅት ተከሰው ጽሕፈት ቤት ቀረቡ። ሳጅን ዘርፌ ለሁለቱም ወገን ዋስ የሚሆን ሰው ካለ ይቅረብ ብላ በሩን ከፈተች። የዋሶቹ ሰልፍ ምሳ ሰዓት ድረስ አላለቀም።